የነፃ ሕግ ድጋፍ ፕሮግራም የዓመት ወጪውን እንዴት ይሸፍን? ከባዶ በጀት እስከ ሒሳብ መዝጊያ

ብዙ የነፃ ሕግ ድጋፍ ፕሮግራሞች ዓመቱ ሳይጋመስ ደመወዝ መክፈል ያቅታቸዋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ግን ገቢያቸው ከወጪያቸው ጋር እኩል ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፦ የተገኘው ገንዘብ ለተወሰነ ሥራ የታሰረ ነው፤ ዘግይቶ ይገባል፤ የድጋፍ ውሉ ሲያልቅ ደግሞ ፍርድ ቤት የተከፈተው መዝገብ አብሮት አያልቅም። ስለዚህ ለጋሽ መፈለግ የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ እያንዳንዱ ወጪ በየትኛው ገንዘብና በየትኛው ወር እንደሚከፈል አስቀድሞ መወሰን ነው።

በምሳሌዎቹ ያሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ ናቸው፤ በራሳችሁ አኃዝ ተኩዋቸው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

የበጀት ዓመቱ ከመጀመሩ 6 ወር በፊት ተነሡ። ከዚያ በታች ከቀረ አብዛኛው የለጋሾች የማመልከቻ ጊዜ አልፎ ይጠብቃችኋል። እነዚህን ጠረጴዛ ላይ አድርጉ፦

- ያለፉት 3 ዓመታት የሒሳብ መግለጫና የኦዲት ሪፖርት
- በሥራ ላይ ያሉ የድጋፍ ውሎች ሙሉ ቅጂ፣ ከነአባሪዎቻቸው (የወጪ ክልከላው ብዙውን ጊዜ ያለው አባሪው ውስጥ ነው)
- ክፍት የሆኑ መዛግብት ዝርዝር፦ የተከፈቱበት ቀን፣ የደረሱበት ደረጃ፣ ቀጣይ ቀጠሮ
- የደመወዝ መክፈያ ሰነድና የኪራይ ውል
- ጠበቆቹ ሰዓታቸውን የመዘገቡበት ቅጽ

የመጨረሻው ከሌላችሁ ዛሬውኑ ጀምሩት። የ4 ሳምንት መዝገብ እንኳ ከግምት እጅግ ይሻላል።

ሥራውን ለሒሳብ ሠራተኛው ብቻ አትተዉት። አስተባባሪው፣ የሒሳብ ሠራተኛውና ችሎት የሚቆም ከፍተኛ ጠበቃ አብረው ይቀመጡ። አንድ የውርስ ክርክር ስንት ቀጠሮ እንደሚፈጅ፣ ይግባኝ ሲመጣ ምን እንደሚጨምር የሚያውቀው ጠበቃው ነው።

## ደረጃ 1፦ ሙሉ ወጪውን አውጡ

ያለፈውን በጀት ወስዳችሁ 10 በመቶ አትጨምሩበት። ከባዶ ሠንጠረዥ ጀምሩ።

የሰው ወጪ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ እጁ የሚገባውን ሳይሆን ድርጅቱ የሚያወጣውን ጻፉ፦ ጥቅል ደመወዝ፣ የአሠሪው የጡረታ ድርሻ፣ የጤና መድን፣ የስንብት ክፍያ ግዴታ፣ የጥብቅና ፈቃድ እድሳት፣ ግዴታ የሆነ የሙያ ሥልጠና፣ የሙያ ኃላፊነት መድን። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ አዘውትረው ይረሳሉ። ፈቃዱ ያልታደሰ ጠበቃ ግን ችሎት አይቆምም፤ ደመወዙ እየተከፈለም መዝገቡ ይቆማል።

የመዝገብ ወጪ። የዳኝነት ክፍያ፣ የውሳኔ ግልባጭ፣ ትርጉም፣ መጥሪያ ማድረሻ፣ የጋዜጣ ጥሪ፣ የባለሙያ ምስክር፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የምስክርና የባለጉዳይ መጓጓዣ። ባለፈው ዓመት ከተዘጉ መዛግብት 20 ያህል በዕጣ አውጡና ደረሰኞቻቸውን ደምሩ። ከነሱ ውስጥ አንዱ ወይም ሁለቱ ከሌሎቹ እጅግ ከፍ ብለው ታገኛላችሁ። «ልዩ ሁኔታ ነው» ብላችሁ አታውጧቸው፤ በየዓመቱ ይመጣሉ። «ከባድ መዛግብት» የሚል የራሱ መስመር ስጧቸው።

የቢሮ ወጪ። ኪራይ ሲሰላ ባለጉዳይ በምስጢር የሚነጋገርበት ክፍል ይኑር። የሚቆለፍ የመዝገብ ማስቀመጫ፣ የተዘጉ መዛግብት ማከማቻ፣ ኢንተርኔት፣ የመዝገብ አያያዝ ሶፍትዌር፣ የኦዲት ክፍያ፣ የባንክ ክፍያ አትርሱ።

4 ጠበቆች፣ 2 የሕግ ረዳቶች፣ 1 አስተባባሪና 1 የሒሳብ ሠራተኛ ያለው ፕሮግራም የዓመት ወጪ ይህን ሊመስል ይችላል፦

- ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም፦ 840,000
- የመዝገብ ወጪ፦ 96,000
- ኪራይና የቢሮ አገልግሎት፦ 120,000
- የመስክ ጉዞና የማኅበረሰብ ምክር፦ 60,000
- ኦዲት፣ መድን፣ ቴክኖሎጂ፦ 60,000
- ላልታሰበ ወጪ፦ 24,000
- ድምር፦ 1,200,000

ለወር ሲካፈል 100,000 ነው። ይህን ቁጥር ሁሉም የቦርድ አባል በቃሉ ሊያውቀው ይገባል።

## ደረጃ 2፦ የአንድ መዝገብ እውነተኛ ዋጋ

ፕሮፖዛል የሚወድቀው፣ ከወደቀው ይልቅ ደግሞ ያለፈው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። በረጋ መንፈስ ሥሩት።

1. የጠበቃውን የዓመት ሰዓት ያዙ፦ 52 ሳምንት በ40 ሰዓት ሲባዛ 2,080።
2. የዓመት ዕረፍት 160፣ በዓላት 80፣ ሕመም 40፣ ሥልጠና 40 ቀንሱ። 1,760 ይቀራል።
3. ለስብሰባ፣ ለሪፖርትና ለቢሮ ሥራ 20 በመቶ፣ ማለትም 352 ሰዓት ቀንሱ። መዝገብ ላይ የሚውለው 1,408 ሰዓት ነው።
4. ሙሉውን ወጪ ለጠበቆቹ ቁጥር አካፍሉ፦ 1,200,000 ለ4 ሲካፈል 300,000። (ረዳቶቹ በዋናነት ለጠበቆቹ መዛግብት የሚሠሩ ከሆነ ነው። ራሳቸውን ችለው ምክር የሚሰጡ ከሆነ ሰዓታቸውን ለብቻ አስሉ።)
5. 300,000 ለ1,408 አካፍሉ። የአንድ ሰዓት ሙሉ ዋጋ 213 ገደማ ነው።
6. ከሰዓት መዝገባችሁ አንድ ሙሉ ውክልና (ጠበቃው ጉዳዩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዞ የሚከራከርበት) በአማካይ 35 ሰዓት ከወሰደ፣ ዋጋው 7,455 ነው።

አሁን የተለመደውን ስሕተት እዩ። የጠበቃው የዓመት ወጪ 120,000 ነው እንበል። ይህን ለ2,080 ብታካፍሉ ሰዓቱ 58 ብቻ ይመስላል፤ መዝገቡም 2,030። ብዙ ፕሮፖዛል በዚህ ዋጋ ቃል ይገባል። ለጋሹ ይደሰታል፣ ውሉ ይፈረማል፣ ከዚያ በኋላ የሚከፈተው እያንዳንዱ መዝገብ ከ5,000 በላይ ጉድለት ይዞ ይመጣል።

አንድ ጠበቃ በዓመት 40 ያህል ሙሉ ውክልና ነው የሚችለው። ፕሮፖዛሉ ላይ 90 ብላችሁ ከጻፋችሁ ወይ ቁጥሩን አትደርሱበትም፣ ወይ የባለጉዳዩ ክርክር ይጎዳል። ሙሉ ውክልናን፣ አቤቱታ ማዘጋጀትንና የቃል ምክርን ለየብቻ ቁጠሩ፤ ሰዓታቸው አይገናኝም።

## ደረጃ 3፦ ገንዘቡን በባሕርዩ ለዩ

ለእያንዳንዱ ምንጭ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ምን መክፈል ይችላል? መቼ ይገባል? ምን ይከለክላል?

የመንግሥት ድጋፍ ወይም የአገልግሎት ውል። መጠኑ ጥሩ ነው፤ ደመወዝ ይሸፍናል። ግን ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ወጪ ተደርጎ፣ ሪፖርት ቀርቦ ነው። ክልከላውም ከራሱ ገንዘብ አልፎ ሊሄድ ይችላል። ለምሳሌ በአሜሪካ ከሊጋል ሰርቪስስ ኮርፖሬሽን፣ የመንግሥትን የሕግ ድጋፍ ገንዘብ ከሚያከፋፍለው ተቋም፣ ገንዘብ የሚያገኝ ፕሮግራም በቡድን ክስ (ብዙ ሰዎችን በአንድነት ወክሎ በሚቀርብ ክስ) መሳተፍ አይችልም፤ ክልከላው ከግል ለጋሽ በመጣው ገንዘብ ለሚሠራውም ሥራ ይደርሳል። እንዲህ ያለ አንቀጽ ካለ ከመፈረማችሁ በፊት ክፍት መዛግብታችሁን አንድ በአንድ ከአንቀጹ ጋር አስተያዩ።

የፋውንዴሽን ድጋፍ። በተለምዶ ከ1 እስከ 3 ዓመት ነው፤ ለአንድ ርዕስ የታሰረ ይሆናል። ቅድመ ክፍያ የሚሰጥ ስለሆነ ለገንዘብ ፍሰት ይመቻል።

የአደራ ሒሳብ ወለድ። በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውስትራሊያ ጠበቆች ለባለጉዳይ በአደራ የሚይዙት ገንዘብ ወለድ ለሕግ ድጋፍ የሚውልበት አሠራር አለ። ገቢው ከወለድ ምጣኔ ጋር ይወጣል ይወርዳል። እ.ኤ.አ. ከ2008 የፋይናንስ ቀውስ በኋላ በአሜሪካ ምጣኔው ወደ ዜሮ ሲጠጋ ገቢው ክፉኛ አሽቆልቁሎ ነበር። ቋሚ ደመወዝ በዚህ ገንዘብ ላይ ብቻ አትጣሉ።

የጠበቆችና የግለሰቦች መዋጮ። መጠኑ ትንሽ፣ ዋጋው ትልቅ ነው፤ ያልታሰረ ስለሆነ። ማንም ለጋሽ የማይከፍለውን ቀዳዳ የሚደፍነው ይህ ነው። በሌላ ሥራ እንዲያልቅ አትፍቀዱ።

ፍርድ ቤት የሚወስነው የጠበቃ ወጪ። ተቃራኒው ወገን ተሸንፎ ወጪ እንዲከፍል ሲወሰን ፕሮግራሙ ገቢ ሊያገኝ ይችላል። በጀት ውስጥ ግን ዜሮ ብላችሁ ያዙት። ሲገባ ወደ መጠባበቂያ ይሂድ። የመዝገቡን ወጪ የሸፈነው ለጋሽ ድርሻ እንዲመለስለት ውሉ ይጠይቅ እንደሆነም አጣሩ። ለባለጉዳዩ ከተወሰነለት ካሣ ላይ መቁረጥ ግን የነፃ አገልግሎቱን ቃል ማፍረስ ነው።

በነፃ የሚሠሩ ጠበቆች ሰዓት። ይህ ገንዘብ አይደለም። በሪፖርት ላይ ዋጋው ይገለጽ፤ ለጋሹ የራሳችሁን ድርሻ ሲጠይቅ የሚቀበለው ከሆነም ተጠቀሙበት፤ ኪራይ ግን አይከፍልም። እንዲያውም መዝገብ የሚያከፋፍል፣ ቀጠሮ የሚከታተል ሰው ደመወዝ ይፈልጋል።

ገንዘብ ከመቀበል በፊት የጥቅም ግጭት መመርመር። የለጋሹን ስም እንደ አዲስ ባለጉዳይ ስም ቁጠሩትና በመዛግብታችሁ ውስጥ ፈልጉት። የምትከሱት ቀጣሪ ወይም ባለቤቱ ከሆነ ገንዘቡን አትንኩ። ማንኛውም ውል ለጋሹ በአንድ መዝገብ አካሄድ ላይ ሐሳብ እንዲሰጥ መንገድ የሚከፍት ከሆነም አንቀጹ ይሰረዝ።

## ደረጃ 4፦ ወጪና ገንዘብን አገናኙ

በሠንጠረዡ ግራ ወጪዎቹን፣ ከላይ ምንጮቹን ጻፉ። እያንዳንዱን ሠራተኛ በስም ሳይሆን በሥራ መደብ አስገቡ። ለምሳሌ፦

ጠበቃ 3፦ ምንጭ ሀ 60 በመቶ፣ ምንጭ ለ 25 በመቶ፣ ያልታሰረ 15 በመቶ።

ሕጉ አንድ ነው፦ የእያንዳንዱ ረድፍ ድምር ልክ 100 በመቶ ይሁን። 110 ከመጣ አንድን ደመወዝ ሁለት ለጋሽ እየከፈለው ነው፤ ይህ በኦዲት የሚመለስ ገንዘብ ነው። 90 ከመጣ ማንም የማይከፍለው አንድ አሥረኛ አለ።

ቀጥተኛ ያልሆነ ወጪ። ይህ ለሁሉም ሥራ በጋራ የሚውል፣ ለአንድ ድጋፍ ብቻ የማይቆጠር ወጪ ነው። በምሳሌያችን የሒሳብ ሠራተኛው 90,000፣ ኪራይ 120,000፣ ኦዲት፣ መድንና ቴክኖሎጂ 60,000፣ ድምሩ 270,000 ነው። የቀረው ቀጥተኛ ወጪ 930,000። 270,000 ለ930,000 ሲካፈል 29 በመቶ ይሆናል። ለጋሹ 10 በመቶ ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ ለ300,000 ቀጥተኛ ወጪ 330,000 ይሰጣል፤ እውነተኛው ወጪ 387,000 ነው። ልዩነቱ 57,000። ይህን ካልታሰረ ገንዘብ መሙላት ካልቻላችሁ ድጋፉ ያከስራችኋል።

ልዩነቱን ማጥበቢያው ዋናው መንገድ ይህ ነው፦ በትክክል መከፋፈል የሚቻለውን ወደ ቀጥተኛ መስመር አምጡ። በዚያ ድጋፍ የሚሠሩት ጠበቆች የቢሮውን 30 በመቶ ከያዙ፣ የኪራዩን 30 በመቶ እንደ ቀጥተኛ ወጪ ጠይቁ። የከፈላችሁበትን ስሌት በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ለሁሉም ለጋሽ አንድ ዓይነት ስሌት ይሁን። ኪራዩን ለአንዱ በወለል ስፋት፣ ለሌላው በሰው ቁጥር ካካፈላችሁ ኦዲተሩ ሁለቱንም ይጥለዋል። ለአንዱ ቀጥተኛ ያደረጋችሁትንም ወጪ መልሳችሁ በመቶኛው ውስጥ አትቁጠሩት። መቶኛውም ራሱ ለድርድር ክፍት ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ፌዴራል ድጋፍ ከመንግሥት ጋር የተደራደረው ምጣኔ የሌለው ድርጅት ቀጥተኛ ላልሆነ ወጪ የሚወስደው ጣሪያ በ2024 ከ10 ወደ 15 በመቶ ከፍ ብሏል።

የአስተዳደር ወጪን በሕግ የሚገድብ አገር ውስጥ ከሆናችሁ፣ ሕጉ የጠበቃን ደመወዝ ከየትኛው ወገን እንደሚቆጥር ትርጓሜውን አንብቡ። መዝገብ የሚይዝ ጠበቃ ደመወዝ በስሕተት «አስተዳደር» ሥር ከገባ ጣሪያውን በአንድ ወር ታልፋላችሁ።

## ደረጃ 5፦ ተስፋን ከገንዘብ ለዩ

ለእያንዳንዱ ገቢ የመገኘት ዕድል ስጡት። መነሻ የሚሆን ልኬት፦

- የተፈረመ ውል፦ 100 በመቶ
- ነባር ለጋሽ፣ እድሳቱን በጽሑፍ ያመላከተ፦ 75 በመቶ
- ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበ ፕሮፖዛል፦ 20 በመቶ
- «እናስብበታለን» የተባለ ስብሰባ፦ 0

ለምሳሌ የተፈረመ 700,000 አለ እንበል። እድሳት 240,000 በ75 በመቶ 180,000 ነው። አዲስ ፕሮፖዛል 400,000 በ20 በመቶ 80,000። መዋጮ፣ ካለፉት 3 ዓመታት ዝቅተኛው ተወስዶ፣ 60,000። ድምሩ 1,020,000፤ ጉድለቱ 180,000።

ቦርዱ ይህን ጉድለት በቁጥር አይቶ በጀቱን ያጽድቅ፤ ከነመቁረጫ ቀኑ። «በ3ኛው ወር መጨረሻ ጉድለቱ ከ60,000 በላይ ከሆነ የሚከተለው ይቆማል» ተብሎ ዝርዝሩ አስቀድሞ ይጻፍ። መጀመሪያ የሚቆመው ያልተሞላ የሥራ መደብና ኅትመት፣ ቀጥሎ የመስክ ጉዞ፣ ከዚያ አዲስ ሙሉ ውክልና መቀበል ነው። የሙያ መድን፣ የፈቃድ እድሳትና ክፍት መዝገብ ያለው ጠበቃ ከዝርዝሩ አይግቡ።

ከአንድ ምንጭ የሚመጣው ከ40 በመቶ በላይ ከሆነ ያ ምንጭ ቢቋረጥ የምታደርጉትን በአንድ ገጽ ጻፉ።

## ደረጃ 6፦ ወር በወር የገንዘብ ፍሰት

12 ዓምድ አውጡ። በየወሩ መነሻ ቀሪ፣ የሚገባ፣ የሚወጣ፣ መድረሻ ቀሪ። ገንዘቡን ውሉ በተፈረመበት ወር ሳይሆን ባንክ በሚደርስበት ወር አስገቡት።

በተለይ ወጪ ተደርጎ የሚተካ ድጋፍን በጥንቃቄ እዩ። በወር 40,000 የሚሸፍን፣ በየሩብ ዓመቱ የሚተካ ውል አለ እንበል። ከ1ኛው እስከ 3ኛው ወር ታወጣላችሁ፤ በ4ኛው ሪፖርት ታቀርባላችሁ፤ ክፍያው በ5ኛው መጨረሻ ይገባል። እስከዚያ 5 ወር በ40,000፣ 200,000 ከራሳችሁ ኪስ ወጥቷል። ይህ ገንዘብ ከሌላችሁ ውሉን ከመፈረም በፊት አንዱን ጠይቁ፦ የ25 በመቶ ቅድመ ክፍያ፣ ወይም በየወሩ መተካት። ከፈረማችሁ በኋላ የሚሰማችሁ የለም።

መድረሻ ቀሪው በማንኛውም ወር ከአንድ ወር ደመወዝ በታች ከወረደ ያንን ወር በቀይ አቅልሙት፤ ያኔ ሳይሆን ዛሬ ፍቱት።

የታሰረውን ገንዘብ ለይታችሁ ቁጠሩ። ባንክ ውስጥ 250,000 ቢኖር፣ 220,000ው ገና ላልተሠራ ሥራ የተሰጠ ከሆነ፣ በነፃነት የምታዙት 30,000 ነው። ፕሮግራሞች የሚወድቁት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው፦ ከታሰረው ተበድሮ ደመወዝ መክፈል፣ ከዚያ በሚመጣው ገንዘብ መተካት፣ የሚመጣው ሲዘገይ ደግሞ ሌላውን መንካት።

የባለጉዳይ ገንዘብ የእናንተ አይደለም። ካሣ፣ ቀለብ፣ የተመለሰ ገንዘብ በእጃችሁ ካለፈ የተለየ የአደራ ሒሳብ ይኑረው። ለአንድ ቀንም ቢሆን ከሥራ ማስኬጃ ጋር መቀላቀል ጠበቃውን ፈቃዱን ሊያሳጣው ይችላል።

## ደረጃ 7፦ ውሉን ከመፈረም በፊት የሚስተካከሉ አንቀጾች

ውል ሲመጣ የመጀመሪያውን ገጽ አይታችሁ አትደሰቱ። እነዚህን ፈልጉ።

1. ምስጢር። ለጋሹ «ማንኛውንም ሰነድ» የማየት መብት ካለው ይህን አስጨምሩ፦ «ለጋሹ የአገልግሎቱን አኃዝና የወጪ ማስረጃ ማየት ይችላል፤ የባለጉዳይን ማንነትና የመዝገቡን ይዘት የሚገልጽ ሰነድ አይጠይቅም።» በሥራው ላይ ደግሞ የትርጉም ወይም የሕክምና ደረሰኝ የባለጉዳዩን ስም የያዘ ከሆነ፣ ለኦዲት የሚቀርበው ቅጂ ስሙ ተሸፍኖ የመዝገብ ኮድ ይጻፍበት፤ ዋናው መዝገቡ ውስጥ ይቆይ።
2. የመስመር ዝውውር። ያለ ፈቃድ ከመስመር ወደ መስመር ምን ያህል ማዛወር ይቻላል? ብዙ ውሎች 10 በመቶ ይላሉ። ካልተጻፈ አስጽፉ።
3. መዝጊያ ጊዜ። ከውሉ ማብቂያ በኋላ ክፍት ለሚቀሩ መዛግብት ሰዓት የሚከፍል መስመር ይኑር።
4. የውጤት መለኪያ። «ያሸነፍናቸው መዛግብት» የሚለውን አትቀበሉ፤ ፍርዱን የሚሰጠው ዳኛ ነው፤ ቀላል መዝገብ ብቻ እንድትመርጡም ይገፋችኋል። በምትኩ የተጠናቀቁ መዛግብት፣ በጊዜ የቀረቡ አቤቱታዎች፣ ባለጉዳዩ ያገኘው ውጤት በዓይነት ተለይቶ ይቆጠር።

## ደረጃ 8፦ መዝገብ መቀበልን ከገንዘቡ ዕድሜ ጋር አስማሙ

ጠበቃ በያዘው ጉዳይ ላይ የሙያ ግዴታ አለበት፤ በብዙ አገሮች ፍርድ ቤት ሳይፈቅድ ከተጀመረ ክርክር መውጣት አይችልም። «ገንዘቡ አለቀ» የሚለው ምክንያትም ባለጉዳዩን ያለ ጠበቃ ችሎት ፊት ያቆመዋል። ስለዚህ፦

1. በመዝገብ ዓይነት አማካይ ዕድሜውን አውጡ። ለምሳሌ የቤት ኪራይ ክርክር 4 ወር፣ የሥራ ክርክር 7 ወር።
2. ውሉ ከሚያልቅበት ቀን ያንን ያህል ወደ ኋላ ቁጠሩ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ገንዘብ ያንን ዓይነት አዲስ ሙሉ ውክልና አትቀበሉ። ምክርና አቤቱታ ማዘጋጀት ይቀጥል።
3. ውሉ ሊያልቅ 3 ወር ሲቀረው የቀሩትን አስሉ፦ 31 መዛግብት፣ እያንዳንዳቸው 12 ሰዓት፣ በ213 ሲባዛ 79,236።
4. ይህን መጠን በቀጣዩ በጀት የመጀመሪያ ረድፍ ላይ አስቀምጡ። ከሌላው ወጪ ሁሉ ይቀድማል።
5. አዲስ ባለጉዳይ ለሚቀበለው ሠራተኛ የተጻፈ የመቆሚያ ቀን ስጡ። በቃል የተነገረ ቀን በችግረኛ ባለጉዳይ ፊት አይጸናም፤ ሠራተኛውም እምቢ ለማለት የሚደገፍበት ወረቀት ያስፈልገዋል።

የውክልና ስምምነቱ ላይ አገልግሎቱ የሚሸፍነውን ደረጃ ግለጹ። ይግባኝን ሳታካትቱ ከገባችሁ ባለጉዳዩ ከመጀመሪያው ቀን ይወቅ።

## ደረጃ 9፦ በዓመቱ ውስጥ

ሰዓት በየሳምንቱ ይመዝገብ፣ በተሠራው መሠረት። ጠበቃ 3 በየሳምንቱ ልክ 60፣ 25፣ 15 ብሎ ከሞላ ቅጹ ከበጀቱ እንደተገለበጠ ኦዲተሩ ወዲያው ያውቃል። እውነተኛ ሰዓት ይዋዥቃል። በሦስት ወር አማካዩ ከበጀቱ ከ10 ነጥብ በላይ ከራቀ የደመወዙን ድርሻ አስተካክሉ።

በየወሩ ለእያንዳንዱ ምንጭ የፍጥነት ስሌት ሥሩ። የወጣውን መቶኛ ላለፈው ጊዜ መቶኛ አካፍሉ። ውሉ ግማሽ ላይ ደርሶ 35 በመቶ ብቻ ወጥቶ ከሆነ 0.7 ነው። ከ0.9 እስከ 1.1 ደህና ነው። ከ0.85 በታች ከሆነ ገንዘቡ ሊመለስ ነው፤ ውሉ ከማለቁ ቢያንስ 60 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሻሻያ ጠይቁ። ሳይወጣ የቀረ ገንዘብ ቁጠባ እንዳይመስላችሁ፤ ለጋሹ በቀጣዩ ዓመት የሚቀንስበት ማስረጃ ነው።

የእድሳት ውይይት ውሉ ሊያልቅ 6 ወር ሲቀረው ይጀመር፤ የዘገየ ሪፖርት ይዛችሁ ግን አትሂዱ።

## ደረጃ 10፦ መጠባበቂያና ሒሳብ መዝጋት

የ3 ወር ወጪ፣ በምሳሌያችን 300,000፣ ጥሩ ግብ ነው። ግን አንድ ጊዜ አይሞላም። ከወጪው 3 በመቶ፣ ማለትም 36,000፣ ካልታሰረ ገንዘብ በየዓመቱ ብታስቀምጡ በ3 ዓመት የአንድ ወር ወጪ ትይዛላችሁ። መጀመሪያ እዚያ ድረሱ። ማን ፈቅዶ እንደሚወጣ፣ በስንት ወር እንደሚተካ በቦርድ ውሳኔ ይጻፍ።

ዓመቱ ሲዘጋ የታሰሩ ቀሪ ገንዘቦችን በምንጭ ዘርዝሩ፣ ከባንክ ጋር አስታርቁ፣ ያልተከፈሉ ደረሰኞችን ሰብስቡ። ኦዲተሩን ከ3 ወር በፊት ቅጠሩ፤ በመጨረሻ ሰዓት የሚገኝ ኦዲተር ውድ ነው።

## ሲበላሽ

ክፍያ 60 ቀን ዘገየ። በመጀመሪያ ሪፖርቱ ተቀባይነት ማግኘቱን በጽሑፍ አረጋግጡ፤ ብዙ መዘግየት የሚነሣው ከአንድ የጎደለ ፊርማ ነው። ከዚያ ሌላ ለጋሽ ቀጣይ ክፍያውን እንዲያስቀድም ጠይቁ። ባለንብረቱን የኪራይ ቀን እንዲያራዝም አነጋግሩ። የደመወዝ መዘግየት አይቀሬ ከሆነ ሠራተኛው ቀኑ ከመድረሱ ቢያንስ 2 ሳምንት በፊት ይወቅ።

ከታሰረ ገንዘብ ላይ ተነክቷል። ዝም አትበሉ። መጠኑን፣ ቀኑንና የተከፈለበትን በአንድ ገጽ ጻፉ፤ ቦርዱ በቃለ ጉባዔ የመተኪያ ቀን ይወስን፤ ለጋሹ ኦዲተር ሳይደርስበት ከእናንተ ይስማ። በኦዲት ከተገኘ ገንዘቡ በሙሉ ሊመለስ፣ ቀጣዩም ሊሰረዝ ይችላል።

ትልቁ ለጋሽ አላድስም አለ። በዚያው ሳምንት አዲስ ሙሉ ውክልና አቁሙ፤ የቀሩትን መዛግብት የመዝጊያ ዋጋ አስሉ፤ በቁጥር ይዛችሁ የመዝጊያ ድጋፍ ጠይቁ። «ዕርዱን» ከሚል ደብዳቤ ይልቅ «31 ባለጉዳዮች፣ 372 ሰዓት፣ 79,236» የሚል ጥያቄ ይሰማል።

ሁሉም ተሞክሮ ጉድለቱ ካልተዘጋ። መዛግብትን በቀጠሮ ቅርበት ደርድሩ። በ30 ቀን ውስጥ ችሎት ያላቸውንና የይርጋ ወይም የይግባኝ ጊዜያቸው የሚያልቀውን የቀሩት ጠበቆች ይያዙ። ሌሎቹን ለሌላ ድርጅት ወይም በነፃ ለሚሠራ ጠበቃ በባለጉዳዩ የጽሑፍ ፈቃድ አስተላልፉ። ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ ቀጣይ ቀጠሮውን፣ የጊዜ ገደቡንና አዲሱን ጠበቃ የሚገልጽ ደብዳቤ ከነዋና ሰነዶቹ ስጡ፤ መረከቡን አስፈርሙና ቅጂውን ከተዘጋው መዝገብ ጋር አኑሩ።